ሳይጠይቁ የገቡ

ሰንሰለቱ ተቆርጦ ሣሩ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ባትሪዬን ሳበራበት የተቆረጠው ቀለበት ጫፉ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ዝገት ገና አልጀመረውም። የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ወዲያ የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ከወር በፊት የዘሩት ስንዴ ጣት የሚያህል ሆኖ በበቀለበት ማሳ መካከል የመኪና ጎማ ሁለት ቦይ ቀዶ አልፏል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቡቃያው ከነሥሩ ተገልብጦ ጭቃው ላይ ተለጥፏል።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ በቨርጂኒያ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈትበት የመጀመሪያው ቀን። በኛ አቆጣጠር የኅዳር ወር መጀመሪያው ሳምንት ያለፈ ሲሆን፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ይህችን አንዲት ቅዳሜ ለማግኘት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሁለት ሌሊት ተለዋውጫለሁ። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቼ፣ ኩልፔፐርን አልፌ፣ ብሉ ሪጅ የሚባሉት ተራሮች ከሩቅ በሚታዩበት አገር እስክደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ ያሰብኩት ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ያን ሰንሰለት ሳይ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ቀድሞ የመጣብኝ ሐሳብ «እኔ የከፈትኩት ይመስላቸው ይሆን?» የሚል ነበር።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለመናገር ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘሁ መናገር አለብኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት አዳኝ ለመሆን የሚያስፈልገውን ትምህርት ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ የአደን ፈቃድ አወጣሁ። የመንግሥት ፈቃድ ግን የሰው መሬት ላይ አያስገባም። የመሬቱ ባለቤት ሌላ ነው፤ የሚለመነውም ራሱ ባለቤቱ ነው። በዚያ ክረምት ሰባት ቤት አንኳኳሁ። ስድስቱ በትሕትና መለሱኝ። ሰባተኛው በር ላይ የወጡት ሽማግሌ ግን ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ወጥ ቤታቸው አስገቡኝና ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ ማን እንዳስተማረኝ፣ ሥጋውን ምን እንደማደርገው፣ የት እንደተወለድኩ። መንዝ አልኳቸው። አያቴ ቆቅና ሚዳቋ ያድን እንደነበር፣ ጥይት ውድ ስለነበር አንዲት እንኳ በከንቱ እንደማይተኩስ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ ከደብተር ላይ ወረቀት ቀድደው ስሜን፣ የመኪናዬን ታርጋና የሚያበቃበትን ቀን ጽፈው ፈረሙበት። የበሩን ቁልፍ ግልባጭም ሰጡኝ።

የጣሉብኝ ግዴታ ጥቂት ነው። በሩን ከኋላዬ እንድቆልፍ። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ እንዳልተኩስ። እሑድ እንዳልመጣ፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚመጡት በዚያ ቀን ነውና። ቨርጂኒያ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ በግል መሬት ላይ እሑድ ማደንን ፈቅዳለች። እሳቸው ግን አይፈቅዱም። እኔም በእሑድ አንድ ቀን እግሬን አላነሣሁም። ሕግ ከፈቀደልኝ በላይ የባለቤቱ ቃል ያስረኛል፤ መሬቱ የእሳቸው ነው፣ ምክንያታቸውንም መጠየቅ የእኔ ፈንታ አይደለም።

ያቺን ወረቀት በፕላስቲክ አሸጌ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዣት እገባለሁ። ጥቁር ሰው፣ አነጋገሩ የውጭ አገር ሰው የሆነ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ ገና ሳይነጋ በሰው እርሻ ላይ ሲታይ ምን ሊታሰብ እንደሚችል ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማብራራት አይኖርብኝም። ወረቀቷ የእኔ መታወቂያ ናት። ሌላው አዳኝ ሲያጠፋ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በወረቀት ብቻ በሚታመነው ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ የዚያን ቀን መኪናዬን በሩ ላይ አቁሜ፣ ጥይቱን ከጠመንጃዬ አውጥቼ፣ ጎማው የቀደደውን ቦይ ተከትዬ በእግሬ ገባሁ። ሽማግሌውን በዚያ ሰዓት መቀስቀስ ስላልፈለግሁ መልእክት ብቻ ላክሁላቸው። እየነጋ ነበር። ከታች ከወንዙ በኩል የውሾች ጩኸት ተሰማኝ፤ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ብዙ ናቸው። ከዚያ ሁለት ተኩስ ተከታትሎ ፈነዳ። ከጫካው ጠርዝ ሦስት አጋዘኖች ነጭ ጅራታቸውን አቁመው ሲበርሩ አየሁ። የመጨረሻዋ ጅራቷን አላቆመችም። ጀርባዋን አጉብጣ፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች ነበር።

ሁለት ሰዎች ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው ከቁጥቋጦው ወጡ። እያንዳንዳቸው ጠመንጃ ይዘዋል።

«ውሾቻችንን ፍለጋ ነው» አለኝ ታላቅየው፣ ሳልጠይቀው።

እዚህ ላይ ሕጉን መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በጥላው ሥር ይደበቃልና። በቨርጂኒያ ከብሉ ሪጅ በስተ ምሥራቅ ባለው አብዛኛው አገር አጋዘን በውሻ ማደን የተፈቀደ የቆየ ልማድ ነው። ውሻ ደግሞ ድንበር አያውቅም። ስለዚህ አደኑ በሌላ መሬት ላይ የተጀመረ ከሆነ፣ የአጋዘን አዳኝ ውሻውን ለመመለስ ባለቤቱ ወደ ከለከለው መሬት ጭምር መግባት ይችላል። ነገር ግን ጠመንጃም ሆነ ቀስት ይዞ አይገባም፤ በዚያ ላይ አያድንም፤ ያለ ፈቃድም በመኪና አይገባም፤ ስሙን ሲጠየቅ መናገር አለበት። ሕጉ ለውሻውም ለባለ መሬቱም አስቧል። በውሻ የሚያድኑ፣ ከመውረዳቸው በፊት ስልክ ደውለው የሚያስታውቁ፣ ጠመንጃቸውን መኪናቸው ላይ ትተው ማሰሪያ ብቻ ይዘው የሚገቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ እነሱንም በዚህ ጽሑፌ ከነዚህኞቹ ጋር መደመር ግፍ ይሆንብኛል።

«ውሾቻችሁን መመለስ ትችላላችሁ» አልኳቸው። «ጠመንጃው ግን ከመሬቱ ይውጣ። በሩን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አንተ ራስህ በማን ፈቃድ ገባህ?» አለኝ ታናሽየው።

ወረቀቴን አውጥቼ ዘረጋሁለት። አላየውም። ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ ማሳው ተመለከተና ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ለስድስት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የያዝኳትን ወረቀት ሊያነባት እንኳ አልፈለገም። ስማቸውን ብጠይቅም አልነገሩኝም። ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ጊዜ ተኩሰው እንስሳዋ መመታት አለመመታቷን ለማየት አንዲት እርምጃ አልሄዱም። ውሾቻቸውን ጠርተው፣ በመጡበት ማሳ ላይ መኪናቸውን ነድተው ወጡ።

ከተመታችበት ቦታ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። የወደቀ የባሉጥ ቅጠል ላይ ደም አለ። ደማቅ ቀይ ቢሆን፣ አረፋም ቢኖረው ሳንባዋ ተመቷል፣ ሩቅ አትሄድም ማለት ነበር። ይህ ግን የጠቆረ ነው፤ ጣቴን ሳስነካው አረንጓዴ ፈርስ ተቀላቅሎበታል፣ ሽታውም የበግ ጨጓራ ሲከፈት የሚሸት ሽታ ነው። ሆዷን ነው የመቷት። እንዲህ የተመታች አጋዘን ቶሎ አትሞትም። ተጣድፎ የሚከተላት ሰው ካለ ትሮጣለች፤ ቢተዋት ግን ተኝታ ትቆያለች። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በእርጥብ ግንድ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከዚያ ከጠብታ ወደ ጠብታ፣ አንዳንዴ በጉልበቴ እየዳኽኩ ዱካዋን ተከተልኩ። ዱካው ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃው ዳር ባለ ድንጋይ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ደም ረግቷል፤ ቆማ ጠጥታ ይሆናል። ከዚያ ተሻግራለች።

ወንዙ ድንበር ነው። ወዲያ ማዶ ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው።

እዚያ ቆምኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ የታጠፈ ሣር ይታየኛል፤ ምናልባት የተኛችው እዚያ ነው። ማንም አያየኝም። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ይህን የምጽፈው ጻድቅ መስዬ ለመታየት አይደለም፤ እግሬ ውኃው ውስጥ ገብቶ እንደነበር አልደብቅም። መልሼ አወጣሁትና ወደ ሽማግሌው ደወልኩ። እሳቸው የጎረቤታቸውን ስልክ ሰጡኝ። ጎረቤትየው ሥራ ላይ ስለነበር አላነሣም፤ መልሶ ሲደውልልኝ ቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። «ግባ፣ ፈልጋት» አለኝ፣ ከዚያም «ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ጨመረበት። ሳገኛት ግን ሞታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ የሜዳ ተኩላ ኋላዋን በልቷት ነበር። የሁለት ዓመት ገደማ እንስት ናት። ዓይኗ ተከፍቷል።

እኛ ቤት ሥጋ ተባርኮ ነው የሚበላው። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ በመሆኑ በኦሪት ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል፤ ስለዚህ ስመታ ፈጥኜ ደርሼ፣ ትንፋሿ ሳይወጣ በስመ አብ ብዬ አንገቷን ካልባረክሁ ባለቤቴም እናቷም አይቀምሱትም። ይህ ግዴታ አደኔን ለውጦታል። ከሩቅ አልተኩስም፤ እየሮጠች አልተኩስም፤ ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ቦታ ጥርት አድርጌ ካላየሁ፣ ከበስተኋላዋም ምን እንዳለ ካላወቅሁ ጣቴን ምላጩ ላይ አላሳርፍም። ያቺ እንስት ግን ማንም ሳይባርካት፣ ማንም ሳይበላት፣ ማንም «የእኔ ናት» ሳይላት ቀረች። የአደን ተቆጣጣሪው ፖሊስ መጥቶ ፎቶ አነሣ፣ የጎማውን ዱካ ለካ፣ ቃሌን ተቀበለ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ አልታወቁም።

ይህ እንስሳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከቨርጂኒያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል፤ በየዓመቱ 200,000 ያህል ታድኖም አያልቅም። የተመለሰው አደኑ ወቅትና ቁጥር ስለተበጀለት፣ ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮም ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ስለተወሰነ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ አዳኞች ራሳቸውን ገትተው፣ ገንዘባቸውንም ከፍለው ያቆዩት ሀብት ነው። ሰንሰለት የሚቆርጠው ሰው የሚኖረው በነዚያ ሰዎች ትዕግሥት ላይ ነው።

ወደ መኪናዬ ስመለስ ስለ ጓሳ አሰብኩ።

አያቴ የመንዝ ሰው ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ያ ሰፊ የጓሳ ሜዳ ይዘረጋል። ጓሳ ማለት ሣሩ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ያ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት የጠበቁት ነው። ለዓመታት ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም፣ ከብት የሚነዳበትም የለም። ሣሩ ሲደርስ የተመረጡት አለቆች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ በዚያ የሚኖሩት ለእነሱ ተብሎ በወጣ ሕግ አልነበረም፤ ሣሩ ስለተጠበቀ እነሱም ተጠበቁ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። አያቴ ጭሰኛው ነፃ በመውጣቱ የሚከፋ ሰው አልነበረም። ስለ ጓሳ ሲያነሣ ግን ድምፁ ይለወጥ ነበር። «ጠባቂው ሲሄድ ሁሉም እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል አለ፤ በሁለት ክረምት ውስጥ መሬቱ አጥንቱ ወጣ» ይለኝ ነበር። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይባላል። አያቴ ያን አየ። ልጅ ሳለሁ በሜዳው ጠርዝ ላይ አቁሞኝ አጥር ፍለጋ ስንከራተት ሳቀብኝ። አጥር የለውም። ድንበሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ያቺ ጉብታ፣ ያ ጅብራ፣ ያ የድንጋይ ካብ። በቃ።

ስለዚህ አንዳንድ ወገኖቼ «ይሄ የነጮች አመል ነው፣ መሬት ሁሉ የእግዚአብሔር ነው» ሲሉ ስሰማ አዝናለሁ። አንድ የማኅበራችን አባል ለገና በዓል አጋዘን እንዲያርድ በማታ መኪና መብራት አብርቶ ከመንገድ ዳር ለመምታት አስቦ ነበር። «ጫካው ሰፊ ነው፣ ማን ያየናል?» አለኝ። በመብራት አጋዘን ማደን በዚህ አገር ወንጀል እንደሆነ፣ ጠመንጃውንም ሊያስወርሰው እንደሚችል ነገርኩት። አልፈራም። ከዚያ አባትህ በጎረቤት ሽምብራ ውስጥ ፈረሱን ለቅቆ ያውቃል ወይ አልኩት። ተቆጣኝ። የአባቴን ስም እንዳታነሣ አለኝ። ለሦስት ሳምንት አላናገረኝም፤ ግን ያን መብራት ይዞ አልወጣም።

አገር ቤትም ቢሆን እኮ ያለ ሕግ የተኖረበት ዘመን ትዝ የሚለው የለም። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ገደማ የአደን ሥርዓት አውጥተዋል፤ በተለይ ዝሆን በዘፈቀደ እንዳይገደል። በኋላም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ችግሩ ከአዋጁ ይልቅ በአፋችን ውስጥ ነው። ግዳይ የጣለ ይፎከርለታል፣ ጎፈሬው ይቀባል፣ በቀረርቶ ስሙ ይነሣል። ሳይተኩስ የተመለሰ፣ «እርጉዝ ናት» ብሎ ጠመንጃውን ያወረደ ሰው ግን ማን ፎከረለት? ሰሜን ተራሮች በዋልያና በቀይ ቀበሮ መመናመን የተነሣ ከእ.ኤ.አ. 1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያዎቹ እያልን እየጨፈርን ገደሉ ሥር ዋልያ የሚገድለውን ሰው «ጀግና» ያልነው እኛው ነን።

ሽማግሌው ከአደኑ ወቅት በኋላ፣ በጥር፣ ጠሩኝ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቡና ቀድተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስንዴው በተቀደደበት በኩል አልተመለሰም። ሌላም ነገር ነገሩኝ፦ ከገና በፊት በታችኛው ማሳ ላይ አንገቱ ተቆርጦ ቀንዱ የተወሰደ ወንድ አጋዘን አግኝተዋል፤ ሥጋው እንዳለ፣ ወፍ እየበላው።

«አንተን አልጠረጥርም» አሉኝ። «ግን በዚህ መስኮት ስመለከት የማየው ብርቱካንማ ሰደርያ ብቻ ነው። አንተ ትሁን እነሱ ከሩቅ መለየት አልችልም። ዕድሜዬም ወጥቼ ለመጠየቅ አይፈቅድልኝም።»

መሬቱን ለሁሉም አዳኝ ዘጉት፤ ለእኔም። ምንም ልላቸው አልቻልኩም፤ እውነታቸውን ነው። ሳይጠይቁ የገቡት ሰዎች ዛሬም የትም ይገባሉ፤ ሰንሰለት አላቆማቸውምና። የቀረው ጠይቆ የሚገባው ነው። ንዴቴ ከወራት በኋላም ያልበረደልኝ ለዚህ ነው፤ የሰረቁት አንዲት አጋዘን ብትሆን ኖሮ በረሳሁት።

በመጋቢት ወር ድንበሩን ቀለም ለመቀባት እንድረዳቸው ጠየቁኝ፣ ደስ እያለኝ ሄድኩ። በቨርጂኒያ ሕግ ወይን ጠጅ ቀለም በዛፍ ላይ መቀባት «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከመስቀል እኩል ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ስፋቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከመሬት ያለው ከፍታም ከ1 ሜትር ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ እስከ 1 ሜትር ከ80 መሆን አለበት። ሰሌዳ ይነቀላል፣ በጥይትም ይበሳል፤ ቀለም ግን ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። እሳቸው በትንሿ የእርሻ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ዛፉን ያሳዩኛል፣ እኔ እቀባለሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ያ ድንጋይ አለ። ደሙ ታጥቧል። ከበላዩ ያለውን የባሉጥ ዛፍ ሁለት ጊዜ ቀባሁት።

ስንመለስ በሩ ላይ አዲስ ሰንሰለትና አዲስ ቁልፍ ነበር። የድሮውን ቁልፍ ከመያዣዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተቱትና ትንሽ ቆይተው ስለሚቀጥለው ኅዳር ራሳቸው አነሡት።

«አሁን አልመልስልህም» አሉኝ። «በነሐሴ መጥተህ ጠይቀኝ።»

በነሐሴ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦውን እጋግራለሁ ብላለች።